ሂልዳ ማቆሚያዋን ያነሳችበት ቀን

ሂልዳ ሜትካፍ ካሜራዋን በተከለችበት ቦታ ፀሐይ አትወጣም ይባል ነበር። ይህን የሚሉት ጠላቶቿ አይደሉም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረዋት በዝናብና በጭቃ የቆሙ፣ ከፔርሙሷ ሻይ የጠጡ፣ የእንፋሎት ባቡር ፎቶ ለማንሳት ከየከተማው ተጠራርተው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ነገሩ በቀልድ ነው የተጀመረው። አንድ ዓመት ባቡሯ ድልድዩ ላይ ስትደርስ ደመና መጣ፤ በዓመቱ ጉም መጣ። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ውሎ፣ ልክ የባቡሯ ፊሽካ ሲሰማ፣ መሐረብ የምታክል አንዲት ደመና ከየት መጣች ሳትባል ፀሐይዋ ላይ ተለጠፈች። ከዚያ ወዲህ "ደመናዋ ሂልዳ" ተብላ ቀረች። አንዳንዱማ ከእሷ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ነው የሚቆመው። ሃምሳ እርምጃ ለፀሐይ ምኗ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ሂልዳ በዚህ ስም ሲጠሯት አብራ ትስቃለች። ቤቷ ገብታ ብቻዋን ስትሆን ግን ቆሽቷ ያራል። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያው ሸለቆ፣ ከከርክቢ ስቲቨን ከተማ ጀምሮ ተራራው ሥር እስካለችው የመጨረሻዋ የበግ አርቢ ቤት ድረስ፣ ፖስታ ስታድል ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ባሏን ቀብራለች፣ ሁለት ልጆች ድራለች። በዚህ ሁሉ ዘመኗ አልሆነልኝም የምትለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሌዲ አይዶኒያ ዳገቱን ስትወጣ፣ ፀሐይ እያለ፣ እንፋሎቷ ከላይዋ እየተትረፈረፈ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አጥግባ አላነሳቻትም።

ሌዲ አይዶኒያ በከሰል የምትሄድ ባቡር ናት። ሂልዳ ከማንም በላይ ታውቃታለች፤ ምክንያቱም ከብረት መጣያ ዝጋ ስትመጣ፣ ስምንት ክረምት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ተንበርክካ የብረት ጎማዎቿን በሽቦ ብሩሽ ስትፍቅ የኖረች እሷ ናት። እሑድ ልጆቿ ምሳ ሲመጡ በጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር ቅባት ሳይለቅ ነበር ድንች የምታቀርብላቸው። ስለዚህ ስለ አይዶኒያ ስታወራ ስለ ብረት የምታወራ አትመስልም።

ታዲያ የእነዚህ ባቡሮች ሕግ ጥብቅ ነው። ውሃው የሚፈላበት ቦይለር ለአሥር ዓመት ብቻ ነው የሚፈቀድለት። አሥሩ ዓመት ሲሞላ፣ ባቡሯ ጤነኛ ሆነች አልሆነች፣ እሳቷ ይጠፋል፤ ቦይለሩ ከላይዋ ይወርዳል፤ እያንዳንዷ ቧንቧ ተነቅላ ትፈተሻለች። ከዚያ ተመልሳ ሐዲድ ላይ እስክትቆም ሌላ አሥር ዓመት ሊሆን ይችላል። የአይዶኒያ አሥር ዓመት የሚሞላው በዚያች በመጋቢት ቅዳሜ ነበር። ጠዋት አሥራ አንድ ፉርጎ ሙሉ ተሳፋሪ ይዛ ወደ ሰሜን፣ ወደ ካርላይል ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ትመለሳለች። በማግስቱ እሳቷ ይጠፋል።

"ዛሬ ካላገኘኋት አበቃ፤ ሰባ ሦስትና አሥር ስንት ነው?" አለች ሂልዳ መኪና ውስጥ ስትገባ።

"ሰማንያ ሦስት፤ ቀበቶሽን እሰሪ" አላት ጄራልድ።

ጄራልድ ዲክሰን ጎረቤቷ ነው። አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ባቡር የሚባል ነገር ዓይኑን ቢወጋው የማይመለከት ሰው ነው። ሂልዳ ባለፈው መኸር ዳሌዋን ከታመመች ወዲህ ግን ባቡር በሄደበት ሁሉ የሚነዳት እሱ ነው። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ "ቤት ብቀር ሚስቴ ግድግዳ ታስቀባኛለች" ይላል።

የጠዋቱ ነገር አላማረም። ከአፕልቢ ከተማ በስተደቡብ አንድ ሜዳ ላይ፣ ሐዲዱ ከፍ ብሎ በሚያልፍበት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምራ ቆመች። ፀሐይ ነበረች። ብርድ ነበር፤ ብርድ ሲሆን እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ይወፍራል፤ ሙቀት ከሆነ ግን ወዲያው ይበናል። ሂልዳ ልቧ ተሰቅሎ ጠበቀች። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አይዶኒያ ከሩቅ ጮኸች። በዚያችው ቅጽበት፣ ከዚህኛው ወገን፣ ድንጋይ የጫነ ረጅም የጭነት ባቡር እየተንገጫገጨ መጥቶ በመሃል ገባ። ፉርጎው አያልቅም። ሂልዳ በካሜራዋ ቀዳዳ ያየችው ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ከዚያም ከድንጋዩ በላይ የሚያልፍ አንድ ጭረት ነጭ ጭስ ብቻ ነው። የጭነት ባቡሩ ጅራት ሲያልፍ አይዶኒያ ሄዳለች።

ፎቶ አንሺዎቹ ለዚህ ነገር ቃል አላቸው፤ "ተጋረድኩ" ይላሉ። አንዱ ሲጋረድ ሌላው ባርኔጣውን አውልቆ ለቅሶ ይደርሰዋል። አጠገቧ የነበሩት ሦስት ሰዎች ግን አብረዋት ተጋርደው ሳለ ባርኔጣቸውን አላወለቁም። ዞር ብለው አዩዋት እንጂ።

"እኔን ምን ታዩኛላችሁ? ባቡሩን እኔ ነኝ የጫንኩት?" አለች ሂልዳ።

"ኧረ እኛ ምንም አላልንም" አለ አንደኛው፣ ማቆሚያውን እያጠፈ። "የምታመጪው ደመና ብቻ መስሎን ነበር።"

ከዚያ ሩጫ ሆነ። አይዶኒያ አፕልቢ ላይ ውሃ ለመጠጣት ሃያ ደቂቃ ትቆማለች፤ በመኪና የሚከተሏት ሰዎች የሚቀድሟት በዚያ ነው። መንገዱ ከሐዲዱ ጎን ለጎን ይሄዳል። ጄራልድ አንገቱን አቀርቅሮ ነዳ። በቀኛቸው ባቡሯ ታየች፤ ፉርጎዎቹ ውስጥ ተሳፋሪዎች ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንቁላልና ቋሊማ እየበሉ ናቸው። አንዲት ሴትዮ ሹካዋን እንደያዘች እጇን አወዛወዘችላቸው። ጄራልድም እጁን አወዛወዘ።

"አየሁህ" አለች ሂልዳ።

"ዝንብ እያባረርኩ ነው።"

"በመጋቢት?"

ጄራልድ ፍጥነት ጨመረ። አፕልቢ ሲደርሱ ጣቢያው በሰው ተጨናንቆ ከአንድ ትከሻና ከአንድ ክርን በቀር የሚነሳ ነገር አልነበረም። ሂልዳ ቆርጣ ተነሳች፤ ሰሜኑን ትታ፣ ዞራ ተመልሳ፣ የመልሱን ጉዞ ዳገቱ ላይ ትጠብቃለች። ሁሉም እዚያ እንደሚመጣ ታውቃለች። ስለዚህ ከሁሉም መቅደም አለባት።

ቦታው ሃግ ባንክ ይባላል። ሐዲዱ ከከርክቢ ስቲቨን ተነስቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራው ጫፍ ሲወጣ፣ የትኛዋም ባቡር እዚህ ላይ መተንፈሷ ይሰማል። ከሐዲዱ በስተምዕራብ ያለው ኮረብታ ላይ፣ ከፈረሰው የድንጋይ አጥር አጠገብ፣ አንድ ሰው የምታስቆም ጠፍጣፋ ቋጥኝ አለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባ ናት፤ ነፋሱ እንደ ወትሮው ከምዕራብ ይመጣና ጭሱን ከፎቶ አንሺው አርቆ ወዲያ ማዶ ይወስደዋል። ከዚያች ቋጥኝ የተሻለ ቦታ በአገሩ የለም ይባላል። ሂልዳ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደርሳ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያዋን እዚያች ቋጥኝ ላይ ተከለች።

እነዚህ ሰዎች ዳኛም ፖሊስም የላቸውም፤ አንድ ሕግ ግን አላቸው። ማቆሚያውን ቀድሞ የተከለ ቦታው የእሱ ነው። ኋላ የመጣ ከኋላው ይቆማል፤ ማንም ይሁን ማን ፊቱ አይገባም። ማቆሚያውን ከመሬት ካነሳ ግን፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ ቦታውን ለቀቀ ማለት ነው። ተመልሶ ቢለምን የሚሰማው የለም።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ክሊፎርድ ስታብስ መሰላሉን ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ። ክሊፎርድ የሒሳብ መምህር የነበረ፣ ቀጭን፣ ጢሙን በመቀስ የሚያስተካክል ሰው ነው። ማንም ሳይሾመው የዚህ ሁሉ ሰው አለቃ ነው። ፎቶዎቹ በየዓመቱ ይሸለማሉ። ቋጥኟ ላይ ሂልዳን ሲያይ ቆመ።

"ሂልዳ።"

"ክሊፎርድ።"

"ቀደምሽኝ።"

"ቀደምኩህ።"

ክሊፎርድ ወደ ሰማይ አየ። "ደመናሽን የት አስቀመጥሽው?"

"መኪና ውስጥ። ጄራልድ እየጠበቀው ነው።"

ክሊፎርድ አልሳቀም። ከኋላዋ ሦስት እርምጃ ርቆ መሰላሉን ዘረጋና ወጣበት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ኮረብታው ላይ አርባ ሰው ነበረ፤ ሁሉም ካሜራውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ፣ ገሚሱ መሰላል ላይ፣ ገሚሱ አጥር ላይ። ሰማዩ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ ትገባለች። በገባች ቁጥር አርባ ፊት ወደ ሂልዳ ይዞራል።

"አንቺ ልጅ፣ ይህን ኬክ እንቺ ልበልሽና እስከ ስኮትላንድ ድረስ ሂጂልን" አላት ባለ ቀይ ኮፍያ አንድ ሰውዬ።

"የምን ኬክ ነው?"

"ባለ ዘቢብ።"

"ለባለ ዘቢብ ስኮትላንድ አልሄድም። እስከ መኪናው ብሄድልህ ነው።"

ሳቁ። እሷም ሳቀች። የመጨረሻዋ ቀን ናት፤ ለአይዶኒያም ለእሷም። በዚች ቀን እንኳ እንደ ሰው ቢቆጥሯት ምን ነበረ?

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በጎቹ ተነሱ።

ማንም ልብ አላላቸውም። ከሐዲዱ ማዶ ባለው መስክ ላይ የበግ አርቢው የአልደርሰን በጎች ከመስኩ የድንጋይ አጥር በወዲያኛው በኩል፣ በስተምሥራቅ ተኝተው ነበር የዋሉት፤ ከምዕራቡ ነፋስ ለመጠለል። አሁን አንዷ ተነሳች። ሌላዋ ተከተለች። በሚያመነዥግ አፋቸው፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ በአጥሩ ክፍተት ሾልከው ወደዚህኛው ወገን መጡና በስተምዕራብ አጥሩን ተደግፈው ተኙ።

ሂልዳ ቀና ብላ የምሥራቁን ተራራ አየች። ጫፉ ላይ አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ነጭ ደመና ተጋድሟል፤ አይንቀሳቀስም። ይህን ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት ታውቀዋለች። ተራራው ያንን ደመና እንደ ኮፍያ ከደፋ፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የምዕራቡ ነፋስ ሞቶ፣ ትንሽ ጸጥታ ይሆንና፣ ከዚያ ሌላ ነፋስ ከምሥራቅ ተንደርድሮ ይመጣል። የአልደርሰን ቤት በር ስንቴ ከእጇ ተነጥቋል። አንድ ጊዜ የሰርግ ጥሪ ከቦርሳዋ ወስዶባት፣ ወረቀቱን በማግስቱ ከአንድ በግ ጀርባ ላይ ነው ያገኘችው፤ ሰዎቹ ሰርጉ አላመለጣቸውም፣ ጥሪው ግን ይሸት ነበር።

ነፋሱ ከምሥራቅ ከመጣ ጭሱ የሚሄደው ወደዚህ ነው። ወደዚህ ኮረብታ። በአርባው ሰው ፊት።

ሂልዳ ቆማ አሰበች። ማዶ ብትሻገር፣ ከሐዲዱ በስተምሥራቅ፣ ጭሱ ከእሷ ይርቃል። ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊቷ ትሆናለች። ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ባቡር ማንሳት በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ጫማን ግራ ቀኝ አዛውሮ እንደ ማድረግ ነው፤ አንድም ሰው አያደርገውም። ነፋሱ ሳይዞር ቢቀርስ? ያኔ የሚደርሳት ጥቁር ጉማጅ ብረትና ዓይኗን የሚያጠፋ ብርሃን ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማቆሚያዋን ካነሳች ቋጥኟ ሄደች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ቋጥኟን ያገኘችው ዛሬ ገና ነው።

ዞር ብላ ክሊፎርድን አየችው። ዝም ብላ ብትሄድ ማን ይጠይቃታል? አላስቻላትም።

"ክሊፎርድ፣ ነፋሱ ሊዞር ነው። ጭሱ እዚህ ነው የሚመጣባችሁ።"

ክሊፎርድ ከመሰላሉ ላይ ስልኩን አውጥቶ አሳያት። "ምዕራብ። እስከ ማታ ድረስ ምዕራብ ነው የሚለው።"

"በጎቹ ስልክ የላቸውም።"

"እኔም በግ የለኝም" አለ ክሊፎርድ። ሰዎቹ ሳቁ።

ሂልዳ ከዚያ በላይ አልተከራከረችም። ሁለት እጇን ማቆሚያዋ ላይ አድርጋ አነሳችው።

ኮረብታው ጸጥ አለ። አርባ ሰው ባለበት እንዲህ ያለ ዝምታ ተሰምቶ አይታወቅም። ሂልዳ ማቆሚያዋን አጥፋ ሦስት እርምጃ ሳትሄድ የክሊፎርድ መሰላል ቋጥኟ ላይ ሲቀመጥ ቀጭ ሲል ሰማችው።

"አበድሽ?" አላት ጄራልድ፣ ከመኪናው እየወጣ። "ስድስት ሰዓት ላይ እዚህ ያስቀመጥኩሽ ለዚህ ነው?"

"ማቆሚያውን ያዝልኝ። ማዶ እንሻገራለን።"

"በየት በኩል? ሐዲድ መርገጥ ክልክል ነው።"

"በበጎቹ በኩል።"

ከሐዲዱ ሥር በጎች የሚሾልኩባት ጠባብ የድንጋይ ዋሻ አለች፤ ቁመቷ የሰው ወገብ ያህል ነው። ሂልዳ በፖስታ ዘመኗ አቋራጭ አድርጋት ነበር። ያኔ ጎንበስ ብላ ታልፋለች፤ አሁን ግን ዳሌዋ እሺ ስላላላት በእጅና በእግሯ ዳኸች። ጄራልድ ከኋላዋ ማቆሚያውን እየጎተተ፣ ስለ በግ ፋንድያ፣ ስለ ሱሪው፣ ስለ ሚስቱ አንድ በአንድ ነገራት። ግድግዳ ቀቢነቱ ይሻለው እንደነበርም ነገራት።

ዋሻዋ መሃል ሳሉ ከላይ ጩኸት ተሰማ። የጭብጨባና የፉጨት ጩኸት ነው። ሂልዳ ወጥታ ቀና ስትል ገባት፤ እሷ ኮረብታውን እንደለቀቀች ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ወጥታለች። ሸለቆው ሁሉ በርቷል። ማዶ አርባው ሰው ባርኔጣውን እያውለበለበ ነው።

"እናመሰግናለን ሂልዳ!" አለ አንድ ድምፅ። "እዚያው ሁኚልን!"

ሂልዳ ሜትካፍ የዚያን ጊዜ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ቋጥኟ ላይ እንዳለች ቢሆን ኖሮ ይሄ ብርሃን የእሷ ነበር። ጄራልድ አያት። ማቆሚያውን ዘርግቶ ሣሩ ላይ አቆመላትና፣ "እዚህ? ወይስ ትንሽ ወዲህ?" አለ።

"ትንሽ ወዲህ" አለች ሂልዳ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የምዕራቡ ነፋስ ሞተ። የአልደርሰን ቤት ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ሣር አይነቃነቅም። ሂልዳ ከካሜራዋ ኋላ ቆማ የሣሩን ጫፍ ብቻ ታያለች። ጄራልድ ፀሐይዋ ሌንሱ ውስጥ እንዳትገባ ኮፍያውን ከካሜራው በላይ ይዞ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ፊት ለፊቷ፣ ከሐዲዱ ባሻገር፣ አርባው ሰው ከነመሰላሉ ይታያታል። ይህን አላሰበችበትም ነበር፤ ፎቶዋ ውስጥ ሁሉም ሊገቡ ነው። ከአይዶኒያ ኋላ የአርባ ሰው እግርና መሰላል።

ከሸለቆው ታች ፊሽካ ተሰማ።

"መጣች" አለ ጄራልድ።

"ሰምቻለሁ።"

"ነፋሱስ?"

ሂልዳ ሣሩን አየች። ከታች የአይዶኒያ ትንፋሽ መሰማት ጀመረ፤ መጀመሪያ እንደ ሩቅ ሳል፣ ከዚያ እየቀረበ፣ እየከበደ። አሥራ አንድ ፉርጎ ይዛ ዳገት ላይ ናት። አራት ምት፣ አራት ምት፣ አራት ምት። መሬቱ በጫማዋ በኩል ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ከመታጠፊያው ኋላ ነጭ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ተተኮሰ፤ ወደ የትም አላዘነበለም።

ያኔ ማጅራቷን በረዳት። የጄራልድ ኮፍያ በእጁ ተንቀጠቀጠ። ሣሩ ተኛ፤ ወደ ምዕራብ ተኛ።

አይዶኒያ መታጠፊያውን ዞራ ብቅ ስትል ነፋሱ ከጎኗ መታት። ያ ሁሉ እንፋሎት፣ ወፍራም፣ ነጭ፣ እንደተፈተለ ጥጥ ተግለብልቦ ከላይዋ ተገፈፈና ወደ ኮረብታው ሄደ። ቋጥኟን ዋጣት። መሰላሎቹን ዋጣቸው። አርባው ሰው አንድም ሳይቀር ጠፋ፤ የሚሰማው ሳልና "ኧረ አምላኬ!" የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። በዚያ በነጩ ግድግዳ ውስጥ ፀሐይ ከኋላ ገብታ አበራችው። ነጩ ወርቅ ሆነ። ከወርቁ ፊት አይዶኒያ ጥቁር ሆና፣ ጠርዟ ሁሉ በእሳት የተሰመረ ይመስል፣ ዳገቱን እየቦጨቀች መጣች። በጎማዎቿ መሃል ብርሃን ያልፋል፤ የሚገፏት ዘንጎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እሳት አንዳጁ በመስኮቱ በኩል እስከ ወገቡ ወጥቶ ወደታች ሲያይ፣ መስኩ ላይ ብቻዋን የቆመች አሮጊትና ኮፍያ ዘርግቶ የቆመ ሽማግሌ አየ። ሳቀ። አካፋውን በአንድ እጁ ወደ ላይ አነሳላት።

ሂልዳ የካሜራዋን ቁልፍ ተጫነች። እንደገና ተጫነች።

ከዚያ ፉርጎዎቹ አለፉ፤ ከዚያ የመጨረሻው ፉርጎ አለፈ፤ ከዚያ የሐዲዱ ጩኸት ብቻ ቀረ። ሂልዳ የካሜራዋን ጀርባ ለማየት ፈራች። ጄራልድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንገቱን ከትከሻዋ በላይ አሰገገ።

"እስቲ ክፈቺው፤ እኔ ሱሪዬን ለዚህ ነው ያበላሸሁት።"

ከፈተችው። አራተኛዋ ፎቶ ላይ ቆመች። ወርቁ፣ ጥቁሩ፣ ጎማዎቹ፣ ከመስኮቱ የወጣው ሰው፣ ከፍ ያለው አካፋ። ከኋላዋ አንድም ሰው፣ አንድም መሰላል የለም። ሁሉንም አይዶኒያ ራሷ ሸፍናቸዋለች።

ሂልዳ ሣሩ ላይ ዱብ ብላ ተቀመጠች። ሳቀች፤ ከሳቁ መሃል እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ነገር ጭኗ ላይ ነበረ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

"ጄራልድ፣ አገኘኋት።"

"አገኘሻት" አለ ጄራልድ። ድምፁ ትንሽ ተሰባብሮ ነበር፤ ጭሱ ነው አለ፣ ጭሱ በእነሱ በኩል ባያልፍም።

ኮረብታው ላይ ነጩ ቀስ እያለ ሲበተን ሰዎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ፊታቸው ላይ የከሰል ብናኝ ነጥብ ነጥብ ሠርቷል። አንዳንዱ ካሜራውን እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ የሁሉም ፎቶ አንድ ነው፣ ነጭ። ባለ ቀይ ኮፍያው ሰውዬ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ኬኩን ብቻውን እየበላ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ከበጎቹ ዋሻ ውስጥ ክሊፎርድ ስታብስ በእጅና በእግሩ እየዳኸ ወጣ። ጉልበቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጢሙ ጥቁር ሆኗል። ቆሞ ሱሪውን ለማራገፍ እንኳ አልሞከረም።

"ላየው?" አለ።

ሂልዳ ካሜራዋን ሰጠችው። ክሊፎርድ በእጁ ጥላ ሠርቶ አየ። ብዙ ጊዜ አየ። ፎቶውን አጉልቶ ጎማዎቹን አየ፤ አሳንሶ ሰማዩን አየ። በዚያ አገር ሰው ሥራ ሲያደንቅ "አይከፋም" ይላል፤ ከዚያ በላይ ያለ ሰው እንደ ሰካራም ይታያል። ክሊፎርድ ግን አይከፋም አላለም።

"እኔ እንዲህ ያለ አላነሳሁም፤ በሕይወቴ" አለ።

ካሜራውን በሁለት እጁ ይዞ መለሰላት። ከኋላው ከዋሻው እየወጡ ያሉት ሰዎች እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ነግረሽኝ ነበር" አለ።

"ነግሬህ ነበር።"

"ልትተዪኝ ትችዪ ነበር እኮ።"

"እችል ነበር" አለች ሂልዳ። "ግን አይዶኒያ የሁላችንም ናት።"

ሰዎቹ ደረሱ። ከበቧት። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየተንጠራራ ፎቶውን አየ፤ ማንም አልቀለደም። ከሩቅ፣ ከተራራው ጫፍ፣ አይዶኒያ ወደ ማዶ ከመውረዷ በፊት አንድ ጊዜ ረጅም ጮኸች። ሁሉም ባርኔጣውን አወለቀ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አልተነቃነቀም።

"አሥር ዓመት" አለ ክሊፎርድ፣ ባርኔጣውን እንደያዘ። "ሂልዳ፣ ስትመለስ የት ልትቆሚ ነው?"

ሂልዳ ክንዷን ለጄራልድ ሰጥታ ከሣሩ ላይ ተነሳች። የዳሌዋ ሕመም ነበረ፤ ትዝ ያላት ግን አሁን ነው።

"ገና አልወሰንኩም፤ ያኔ ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ትንሽ ልዘገይ እችላለሁ" አለች።

"እንግዲያው እኔ ቀድሜ እመጣና ቦታ እይዝልሻለሁ" አለ ክሊፎርድ።